የመሪ ጉድለትና የፋብሪካ ጥሪ፦ የጎንደር አድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ዝግጅት በመሪ ጉድለት ምክንያት አምራቹ ለጥገና ስለሚጠራቸው መኪኖች ከተነጋገርን ወዲህ ብዙ አድማጮች ደውለዋል። የአውቶ መካኒክ ባለሙያችን ከመለሷቸው ጥያቄዎች ጥቂቶቹ እነሆ።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ መኪናዬ ኮሮላ ናት፤ የተሠራችው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 ነው። ጥሪው እኔን ይመለከታል?

መልስ፦ ሊመለከትዎት ይችላል። ቶዮታ በኅዳር 2005 ዓ.ም. በመላው ዓለም ከ2.7 ሚሊዮን በላይ መኪኖችን ጠርቷል፤ ኮሮላና ፕሪየስ ይገኙበታል። ጉድለቱ ያለው መሪውን ከታች ካለው ስካቶላ (የመሪውን ዙር ወደ ጎማዎቹ ከሚያደርሰው ሳጥን) ጋር በሚያገናኘው ዘንግ ላይ ነው። የዘንጉ ጥርሶች በቂ ጥንካሬ ስለሌላቸው፣ መኪናው በዝግታ እየሄደ መሪው እስከ መጨረሻው በኃይል ሲጠመዘዝና ይህ ሲደጋገም ቅርጻቸውን እያጡ ይላላሉ። እንግዲህ የእኛን ከተማ አስቡት። አራዳ ገበያ አጠገብ በጠባብ ቦታ መኪና ለማቆም፣ ዳገት ላይ ለመዞር፣ ከዚያም አልፎ ሊማሊሞን ለመውረድ መሪውን ጥግ ድረስ የማይጠመዝዝ ማን አለ? ሜዳ ላይ ከምትነዳ መኪና ይልቅ የእኛ መኪኖች ለዚህ ጉድለት የተጋለጡ ናቸው፤ አጥብቄ የምናገረውም ለዚህ ነው።

የእርስዎ መኪና ከተጠሩት መሆን አለመሆኗን የሚለየው የሻንሲ ቁጥሯ ብቻ ነው። ሊብሬው ላይ አለ። መኪናዋ ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡና በአምራቹ ድረ ገጽ ያስገቡት፤ ወይም ለአገር ውስጥ ወኪሉ ይስጡት። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ 17 ፊደልና አኃዝ ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠሩት ግን አጠር ያለ ስለሆነ የሌሎች አገሮች መፈለጊያ ላያውቀው ይችላል። «አልተገኘም» ቢልዎት ደህና ናት ብለው አይደምድሙ።

ጥያቄ (ከደባርቅ)፦ መሪዬ ልል ሆኖብኛል። መካኒኩ «መንገዱ ነው» ብሎ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) ሠርቶ ሰደደኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ አላይመንት የላላ ዘንግ አያጠብቅም። መኪናውን ደልዳላ ቦታ ያቁሙ፤ ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ መሪውን የሚለቅበት ቦታ ላይ ይሁን። መሪውን በቀስታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያንቀሳቅሱ። ጎማው ሳይነቃነቅ መሪው ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ከሄደ አንድ የላላ ነገር አለ። ቀጥሎ ሌላ ሰው ፔዳሎቹ አጠገብ በባትሪ እያበራ ክሮቼራውን (የዘንጉን ተጣጣፊ መጋጠሚያ) እና ዘንጉን ይመልከት። የላይኛው ሲዞር የታችኛው ዘግይቶ ከተከተለ፣ ወይም «ቀጭ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ችግሩ እዚያው ነው። ዘንጉ ደህና ከሆነ ቴስቲናዎቹን (ወደ ጎማ የሚሄዱትን የመሪ ዘንጎች የጫፍ መጋጠሚያዎች) ያስፈትሹ። የተሳፋሪ መኪና ከሆነ ይህ እስኪታወቅ ድረስ ሰው አይጫንበት።

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ ዘንጉ ተወዶብኛል፤ ብየዳ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። በመሪ ላይ ብየዳ የሚባል ነገር የለም። እሳት የነካው ብረት ጠባዩ ይለወጣል፤ ዛሬ የያዘ መስሎ ነገ ጠመዝማዛ ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል። የሚበይድልዎት ሰው ወዳጅዎም ቢሆን እምቢ ይበሉት። አዲስ ዘንግ እስኪመጣ መኪናው ይቁም።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ እየነዳሁ መሪው በድንገት ቢከብደኝስ?

መልስ፦ እህቴ፣ የከበደ መሪና የተፈታ መሪ ለየቅል ናቸው። ከከበደ መሪውን የሚያቀልለው ማገዣ ነው ሥራ ያቆመው፤ ጎማው አሁንም ይታዘዝሻል። በሁለት እጅ አጥብቀሽ ያዢ፣ ፍጥነት ቀንሺ፣ ዳር ያዢ። ቁልፉን ግን እንዳትነቅዪ፤ መሪው ይቆለፋል። በከንቱ የሚዞርልሽ ከሆነ አማራጭሽ ፍሬን ብቻ ነው፦ ጎማው ተቆልፎ ሳይንሸራተት በተቻለ ፍጥነት አቁሚ፣ ሁሉንም ፍሬቻ አብሪ።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ እኔ ሦስተኛ ባለቤት ነኝ። ወጪው የማን ነው?

መልስ፦ የደኅንነት ጥሪ የሚከተለው መኪናዋን እንጂ የመጀመሪያውን ገዢ አይደለም፤ ጥገናውም በአምራቹ ወጪ ነው። በአሜሪካ ሕጉ አምራቹን የሚያስገድደው ጥሪው የወጣው መኪናው መጀመሪያ ከተሸጠ በ15 ዓመት ውስጥ ከሆነ ነው። ከውጭ ያገለገለ መኪና ያስገባ ሰው ግን ደብዳቤ ቤቱ ድረስ አይመጣለትም፤ አምራቹ አያውቀውም። ስለዚህ የሊብሬውን ቅጂ ይዘው ወደ ወኪሉ ይሂዱ፤ ጥያቄዎን በጽሑፍ ያቅርቡ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። መኪናዋን ለመሸጥ ካሰቡ ያ ወረቀት ለገዢው ይድረሰው።