እንጉዳይ በሰጋቱራ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በስልክና በአጭር መልእክት የደረሱን ጥያቄዎች ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ከኮተቤ የመጣው ጥያቄ ላይ ረዘም ብያለሁ፤ እባካችሁ እሱን ሳታነቡ አትለፉ።

ከሰሚት፦ ጎረቤቴ የእንጨት ሥራ ቤት አለው። ሰጋቱራ በነፃ ይሰጠኛል። ማንኛውም ሰጋቱራ ይሆናል?

አይሆንም። መጀመሪያ ምን እንደሚቆርጡ ይጠይቁ። ቺፕውድና ኤምዲኤፍ የሚቆርጡ ከሆነ ሰጋቱራው ውስጥ ሙጫ አለ። ሙጫው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፎርማልዲሃይድ የሚባል ኬሚካል ያለበት ነው። ቀለም የተቀባ አሮጌ ጣውላና በኬሚካል የተነከረ ምሰሶም አይነኬ ናቸው። እንጉዳይ ከሚበቅልበት ነገር ከባድ ብረቶችን ስቦ በአካሉ ያከማቻል። እንጨቱ ላይ የነበረው መጨረሻው ሳህንዎ ላይ ነው።

ግራቪሊያ፣ ዋንዛ፣ ባህር ዛፍ ጥሩ ናቸው። ጽድና የፈረንጅ ጽድ ግን የእንጉዳዩን እድገት የሚያዘገይ ዝፍትና ዘይት ስላላቸው ለጀማሪ አልመክርም። ሰጋቱራው እንደ ዱቄት የላመ ከሆነ አየር ስለማያስገባ የመላጊያ ፍቅፋቂ ይቀላቅሉበት።

ከደብረ ብርሃን፦ በ10 ኪሎ አንድ ኪሎ ፉርሽካ ጨምሬ ጥሩ ምርት አገኘሁ። ሦስት ኪሎ ባደርገው ምርቱ ይጨምራል?

ወንድሜ፣ ሻጋታው ይጨምራል። ፉርሽካ ለእንጉዳዩ ብቻ የሚቀርብ ምግብ አይደለም። አካባቢው ላይ ያለ ሻጋታና ባክቴሪያ ሁሉ ይወደዋል፤ ከእንጉዳዩም ፈጥኖ ይደርስበታል። በዚያ ላይ ፉርሽካው ሲበዛ ድብልቁ የተሞላበት ከረጢት በውስጡ ይግላል። ሙቀቱም ነጩን ክር፣ ማለትም ሥር የሚመስለውን የእንጉዳዩን አካል፣ ሊገድለው ይችላል።

እኔ ሁልጊዜ የምለው አንድ ነው፦ የፉርሽካው መጠን በማፍያዎ፣ ማለትም ከመዝራትዎ በፊት ከረጢቱ ውስጥ ያለውን ሻጋታና ባክቴሪያ በሙቀት በሚገድሉበት ዕቃ፣ ይወሰናል። በበርሜል እንፋሎት የሚያፈላ ሰው ከ5 በመቶ ባያልፍ ይሻለዋል። ፕሬሸር (በግፊት የሚያፈላ ድስት) ያለው ከ10 እስከ 15 በመቶ ይበቃዋል። መለኪያው ደረቅ ክብደት ነው። በጣሳ አትስፈሩ፤ ፉርሽካ ቀላል ስለሆነ ጣሳ ያሳስታል።

ውሃውንም ልንገርዎት። ለአንድ ኪሎ ደረቅ ድብልቅ አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ይበቃል። ከዚያ እፍኝ ያህል ይዘው በሙሉ ኃይልዎ ይጭመቁት። በጣቶችዎ መሃል ሁለት ሦስት ጠብታ ብቅ ብሎ ከቆመ ልክ ነው። ወደ ክንድዎ ከወረደ ውሃው በዝቷል፤ ደረቅ ሰጋቱራ ይጨምሩ። ምንም ካልወጣና እጅዎን ሲከፍቱ ከፈረሰ ገና ደረቅ ነው።

ጄሶ የግድ ነው?

አይደለም። ካለዎት 1 በመቶ ይበቃል።

ከሜሪላንድ፦ እኔ እዚህ በፕሬሸር ሁለት ሰዓት ተኩል አፍልቼ ጥሩ ይሆንልኛል። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ያንኑ አድርጎ ግማሹ ሻገተበት። ለምን?

በከፍታው ምክንያት ነው። እርስዎ ያሉበት ቦታ ለባህር ወለል ቅርብ ነው። በ15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ውስጡ 121 ዲግሪ ይደርሳል። አዲስ አበባ ግን ከባህር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ነው። ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ያው 15 ፒኤስአይ እዚህ 117 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚሰጠው። አራት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል፤ ሙቀት ለሚቋቋሙት የባክቴሪያ ዘሮች ግን ትልቅ ልዩነት ነው።

ስለዚህ ወንድምዎ ሰዓቱን ያራዝም። ለሁለት ኪሎ ከረጢት ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት ቢያደርገው እመክራለሁ። ሰዓቱ የሚቆጠረው እሳቱ ከተለኮሰ ጀምሮ ሳይሆን ግፊቱ ከሞላ በኋላ ነው። በዩቲዩብ የሚያዩት ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ለዝቅተኛ ቦታ የተለካ ነው። ግፊቱም ራሱ ሳይወርድ ክዳኑን አይንካ።

እሳቱ የከሰል ከሆነ ደግሞ ከቤት ውጭ ይሁን። ወደዚህ ጉዳይ አሁን እመጣለሁ።

ከአዳማ፦ ለጀማሪ ሰጋቱራ ይሻላል ወይስ ጭድ?

ጭድ። የጤፍ ወይም የስንዴ ጭድ ያለ ምንም ፉርሽካ፣ ኦይስተር እንጉዳይ ይዝሩበት። አዳማ ስለሚሞቅ ሙቀት የሚወደውን የኦይስተር ዓይነት ከሻጭዎ ይጠይቁ። ሺታኬና ሬይሺ የሚባሉትን የእንጉዳይ ዓይነቶች ለበኋላ ያቆዩዋቸው።

እጅና ዕቃ ለማጽዳት አልኮል 70 በመቶ ነው ወይስ 96?

70። በውስጡ ያለው ውሃ ሥራውን ያግዘዋል። ከረጩት በኋላ እስኪደርቅ ድረስ ግን ክብሪትና ሻማ አያስጠጉ።

ከኮተቤ፦ በርሜሉን ማታ ሦስት ሰዓት ለኩሼ እስከ ጠዋት አፈላለሁ። ክረምት ስለሆነና ዝናቡ ስለሚያጠፋብኝ ሳሎን አስገብቼዋለሁ። ልጆቹም ሙቀቱን ወደውታል። ግን ከሰል በጣም ይፈጃል። መቆጠቢያ መላ አለ?

እህቴ፣ የከሰሉን ቁጠባ እንተወው። ዛሬ ማታ በርሜሉን ከቤት ያውጡት። ልጆቹ ከመተኛታቸው በፊት ያውጡት።

ይህ ልማድ ተስፋፍቷል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር እሰማዋለሁ። ሰው ጨክኖ የሚያደርገው አይደለም። ከረጢቱ ረጅም ሰዓት መፍላት አለበት፣ ሌሊት ጊዜ አለ፣ ውጭ ይዘንባል፣ ቤቱ ይቀዘቅዛል። ሁሉም ምክንያት አለው። ግን ሰው ይገድላል።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። አይታይም። አይሸትም። ዓይን አያቃጥልም፣ አያስልም። ጭስ ቢሆን ኖሮ ሰውን ቀስቅሶ ያስወጣው ነበር። ይህ ግን ሰው ሳያውቀው ሳንባ ይገባል። ከዚያ ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ይይዘዋል፤ የሚይዘው ደግሞ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ኃይል ነው። ሰውየው እየተነፈሰ ነው፤ አንጎሉና ልቡ ግን ኦክስጅን አያገኙም። መጀመሪያ ራስ ምታት ይመጣል፣ ከዚያ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ጉልበት መክዳት። የነቃ ሰው ምናልባት ነገሩ ገብቶት ይወጣል። የተኛ ሰው እንደተኛ ይቀራል።

የሚቀርቡልኝን ምክንያቶች አውቃቸዋለሁ። «ከሰሉን ውጭ አቀጣጥዬ ቀልቶ ነው ያስገባሁት» ይሉኛል። የቀላ ከሰልም፣ ነጭ አመድ የለበሰ ከሰልም ጋዙን ያወጣል፤ የቀረው ጭሱ ብቻ ነው። «አጠገቡ ውሃ አስቀምጫለሁ» ይሉኛል። ውሃ ይህን ጋዝ አይስበውም። «መስኮቱን በትንሹ ከፍቻለሁ» ይሉኛል። ለሌሊት ሙሉ የበርሜል እሳት በትንሹ የተከፈተ መስኮት ምንም አይደለም። «ቡና ሁልጊዜ ቤት ውስጥ ነው የምናፈላው» ይሉኛል። ለቡናም ቢሆን በርና መስኮት ይከፈት እላለሁ። ግን የቡና ከሰል ጥቂት ነው፣ ሰውም ነቅቶ ተቀምጧል። በርሜል ሌሊቱን ሙሉ ከሰል እየተጨመረበት፣ በር ተቆልፎ፣ ቤተሰብ ተኝቶ ነው የሚነደው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሰዓቱን ይገልብጡት። ጠዋት 12 ሰዓት ለኩሰው ማታ 12 ሰዓት ይጨርሱ፤ ነቅተው ውሃውንም ይቆጣጠሩታል። ለዝናቡ ቆርቆሮ ከላይ ይበቃል፤ ጎንና ጎኑ ክፍት ይሁን፤ ከበርና ከመስኮትም ይራቅ። የበርሜሉን ክዳን አይጠርቅሙት፤ እንፋሎት የሚወጣበት ቀዳዳ ይኑረው፣ ካልሆነ ይፈነዳል። ግቢ ከሌለዎት ደግሞ እሳቱን ጨርሶ ይተዉት። ጭድ በኖራ ውሃ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ዘፍዝፎ፣ አጥልሎ ኦይስተር መዝራት ይቻላል። ጓንትና መነጽር ያድርጉ፤ ኖራ ዓይን ይጎዳል። ለፉርሽካ ድብልቅ ግን ኖራ አይበቃም፤ ያን ካስፈለገዎት የተዘጋጀ ከረጢት ይግዙ።

ቤት ውስጥ ከሰል እየነደደ ከአንድ ሰው በላይ ራሱን ካመመው፣ ምክንያት ሳትፈልጉ ሁላችሁም ውጡ። 907 (አምቡላንስ) ደውሉ ወይም ያገኛችሁትን መኪና ይዛችሁ ሆስፒታል ሂዱ። የሚያስፈልገው ኦክስጅን ነው። ወተት አያድንም፤ ራሱን ለሳተ ሰው ወተት መጋት እንዲያውም ያንቀዋል። ንጹህ አየር አግኝቶ የተሻለው ሰውም ይታይ። ነፍሰ ጡር ከሆነች የግድ ትታይ።

ከሀዋሳ፦ እንጉዳዬ እግሩ ረዝሞ ኮፍያው ትንሽ ሆነ።

አየር አጥሮታል። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ክፍሉን ያናፍሱ፤ ከዚያ ግድግዳውንና ወለሉን ውሃ ይርጩ። ጋዜጣ የሚነበብበት ያህል ብርሃንም ይፈልጋል።

ከረጢቱ ላይ አረንጓዴ ነገር ወጣ። ፍቄ ጨው ብነሰንስበትስ?

አይፋቁት፣ አይክፈቱትም። አረንጓዴው ብናኝ የሻጋታው ዘር ነው፤ ሲፍቁት ለጤነኞቹ ከረጢቶች ያድሉታል። እንደታሰረ አውጥተው ከግቢው ራቅ አድርገው ይቅበሩት።

ሁለት ሦስት ከረጢት ብቻ ከሆነ የእጅ ጥፋት ነው። አብዛኛው ከሆነ ወይ አልፈላም፣ ወይ ፉርሽካው በዝቷል፣ ወይ የዘሩት የእንጉዳይ ዘር የታመመ ነው። ዘር ሲገዙ ዘሩ የተሠራበት ማሽላ በነጭ ክር ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ይሁን። ቢጫ ውሃ ያቆረና የኮመጠጠ ሽታ ያለው ከሆነ ገንዘብዎን ይዘው ይመለሱ።

ከቡልቡላ፦ እናቴ የግፊትና የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ትወስዳለች። ሬይሺ አብቅዬ ሻይ ላጠጣት ነው። መድኃኒቱን ለመተው ስንት ጊዜ ትጠጣ?

ልጄ፣ መድኃኒቱን አታስተዋት። ሬይሺም ያለ ሐኪሟ ፈቃድ አትስጣት። ሬይሺ የደም መርጋትን ሊቀንስ፣ ግፊትንም ሊያወርድ ይችላል። ደም ማቅጠኛ ላይ ሲደረብ መድማት ሊያመጣ ይችላል።

«የተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳም» የሚለው ነገር ያስጨንቀኛል። ጃፓኖች ከሺታኬ ሌንቲናን የሚባል ንጥረ ነገር አውጥተው በ1985 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለጨጓራ ካንሰር አጋዥ ሕክምና ፈቅደዋል። ግን በመርፌ ነው፣ ከኬሞቴራፒ ጋር ነው፣ በሐኪም እጅ ነው። ማንም መድኃኒቱን ጥሎ ሾርባ ጠጣ አላለም። ሬይሺን ማብቀል ደስ የሚል ሥራ ነው፤ አብቅል። እናትህን ግን ሐኪም ጋ ውሰዳት፣ ሻዩንም ሐኪሙን ጠይቅ።

ሺታኬ ጥሬውን በሰላጣ ይበላል?

በደንብ ይብሰል። ጥሬውን ወይም በደንብ ያልበሰለውን የበሉ አንዳንድ ሰዎች ሰውነታቸው ላይ በአለንጋ የተገረፈ የሚመስል ቀይ ሰንበር ይወጣባቸዋል። ከወጣብዎት ቆዳ ሐኪም ይመልከተው።

ከጅማ፦ ከዝናብ በኋላ ጫካ የበቀለ እንጉዳይ አምጥቼ በሽንኩርት ፈተንኩት። ሽንኩርቱ ካልጠቆረ ይበላል አይደል?

አይበሉት። ሽንኩርትም፣ የብር ማንኪያም፣ ትል የበላው መሆኑም መርዙን አይለይም። ገዳዩ መርዝ ሲቀቀል አይጠፋም። ትውከቱ ከተበላ ከ6 ሰዓት በኋላ ይጀምራል፤ ቆይቶ ጋብ ይልና ሰውየው የዳነ ይመስላል፤ ከዚያ ጉበቱ ይወድቃል። አሁኑኑ በልተው ከሆነ ምልክት ሳይጠብቁ፣ የተረፈውን እንጉዳይ ይዘው ሆስፒታል ይሂዱ።

ከአያት፦ ከረጢቶቹ መኝታ ክፍሌ ናቸው። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ማታ ማታ እያሳለኝ ያተኩሰኛል።

ከረጢቶቹን ዛሬ ያውጡ። የኦይስተር ብናኝ ሳንባን ያስቆጣል። ኮፍያው ጠፍጣፋ ሆኖ ጠርዙ ወደ ላይ ከመታጠፉ በፊት ይልቀሙ፤ ሲለቅሙም ኤን95 ጭንብል ያድርጉ። ሳሉ ግን የሐኪም ነው። ሲሄዱ «እንጉዳይ አበቅላለሁ» ብለው ይንገሯቸው፤ ካልነገሯቸው ሐኪሙ ጉንፋን ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። የሚፈላውም በከሰል ከሆነና እሳቱ ቤት ውስጥ ከሆነ፣ የኮተቤዋን እህት መልስ እንደገና ያንብቡት።