የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ በጎጃም ኮረብቶች ዛፍ እያለ ደን ለምን ጠፋ?

ከፋግታ ለኮማ የደወሉ አርሶ አደር፦ የእኛ ኮረብታ ሁሉ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ ለብሷል፤ ታዲያ ደን ተመናመነ የምትሉት ስለ ምን ነው?

መልስ፦ ዲከረንስ ለብዙ ቤተሰብ የገቢ ምንጭ መሆኑ አይካድም፤ በጥቂት ዓመታት ለከሰል ይደርሳል፣ ለአፈሩም ናይትሮጅን ይጨምራል። ነገር ግን እኩል ዕድሜ ያለው አንድ ዝርያ ብቻ የቆመበት መሬት፣ በእኔ አመለካከት፣ ከደን ይልቅ ለሰብል ማሳ ይቀርባል። ጉሬዛ የሚውልበት ዝግባ፣ ወፎች ፍሬውን የሚለቅሙት ሾላ፣ በሥሩ የሚበቅለው ሐረግና ቁጥቋጦ የሉበትም። አንድ ዝርያ ላይ ብቻ መደገፍ ለገበሬውም እንደማያዋጣ በቅርብ ዓመታት በአዊ የዲከረንስ ማሳዎችን የመታው በሽታ አሳይቷል።

ከሰከላ የደወሉ ንብ አናቢ፦ ጫካው ተመንጥሮ ባሕር ዛፍ ከተተከለ ወዲህ የማሩ ምርት ቀነሰብኝ።

መልስ፦ ባሕር ዛፍ ራሱ ጥሩ የንብ ቀሰም ይሰጣል፤ ሆኖም ለአጣናና ለማገር ሲባል ብዙውን ጊዜ በደንብ ሳያብብ ይቆረጣል። ግራዋ፣ ብሳናና ዋንዛ ግን የሚያብቡበት ወቅት የተለያየ በመሆኑ፣ አንዱ ሲያበቃ ሌላው እየተካ ንቦቹን ይመግባቸው ነበር።

ከጮቄ ግርጌ የደወሉ እናት፦ ተዳፋቱን ከከብት ከለልነው፤ ሣሩና ቁጥቋጦው ሲመለስ ወይራውና ዝግባው ግን አልተመለሱም። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ጥያቄዎ የጉዳዩን ሥር የነካ ነው፣ እናቴ። የሣርና የአረም ዘር በአፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ሊቆይ ሲችል፣ እንደ ዝግባ፣ ወይራና ጥቁር እንጨት ያሉት አብዛኞቹ የደጋ ደን ዛፎች ግን ዘራቸው ብዙ ሳይቆይ ካልበቀለ ይሞታል፤ ስለዚህ ለረጅም ጊዜ የታረሰ ወይም የተጋጠ መሬት ቢከለልም፣ እናት ዛፉ በአቅራቢያ ከሌለና ፍሬውን በልቶ ዘሩን የሚያደርስ ወፍ ካልመጣ፣ የቀድሞው ደን በራሱ አይመለስም። ወፉ ደግሞ ማረፊያ በሌለበት ገላጣ መሬት ላይ ብዙም አያቋርጥም። በማሳ መካከል የቀሩት ዋንዛና ዋርካ፣ ጥላቸው ሰብል ይጎዳል ተብሎ ባይቆረጡ የምመኘው ለዚህ ነው። በጎጃም ዛሬ አስተማማኙ የዘር ምንጭ የአብያተ ክርስቲያናት ደን ነው፤ በዘጌ ያሉት ገዳማት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። እዚያም ቢሆን ከብት ከገባ ቡቃያው ይረገጣል፣ ይጋጣልም፤ ያረጁት ዛፎች ሲወድቁ ተተኪ ያጣሉ። ስለዚህ የደብሩን አስተዳደር አስፈቅዳችሁ ዘር ልቀሙ፣ በመንደር ችግኝ ጣቢያ አፍሉት፣ ችግኙንም ክረምቱ እንደገባ በተከለለው ተዳፋት ላይ ከቁጥቋጦው ጥላ አጠገብ ትከሉት፤ ለዝግባ ቡቃያ ጠራራ ፀሐይ አይስማማውምና።