64 ፎቶዎችና የእናቴ ድምፅ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፤ ከጅማ ነው የማወጋችሁ። የዛሬው ጉዳዬ በየስልካችንና በየላፕቶፓችን ተከማችተው የቀሩት ፎቶዎች ናቸው። የቪዲዮ ሙያ ጨርሶ የሌለው ሰው በቀላል ሶፍትዌር እነዚህን ፎቶዎች ቤተሰብ ተቀምጦ ወደሚያየው ቪዲዮ እንዴት ሊያቀናብራቸው እንደሚችል፣ ከደረሰብኝ ተነሥቼ ልናገር እወዳለሁ።

እናቴ በዚህ ከተማ 34 ዓመት የአንደኛ ደረጃ መምህርት ሆና ካገለገለች በኋላ ባለፈው ክረምት ጡረታ ወጣች። እኔና ሁለት ወንድሞቼ ለግብዣው የሕይወቷን ፎቶዎች በቪዲዮ ለማዘጋጀት ተስማማን፤ ሥራውም የኔ ድርሻ ሆነ። የተሰበሰበው ፎቶ 1,400 ያህል ነበር። ከፊሉ ከአሮጌ ዲጂታል ካሜራ፣ ከፊሉ ከሦስታችን ስልክ የመጣ ሲሆን የቀረው ከአልበም ወጥቶ በስልክ እንደገና የተነሣ ነው። ከአልበም ለምታነሡ ሰዎች አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ፎቶውን ከፕላስቲኩ ሳታወጡ ካነሣችሁት የፕላስቲኩ ነጸብራቅ አብሮ ይነሣል። በጥንቃቄ አውጥታችሁ፣ በመስኮት አጠገብ ግን ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ ከላይ አንሡት።

መጀመሪያ እንደ ብዙ ጀማሪ ነው ያሰብኩት። 120 ፎቶ መረጥኩ፤ ለእያንዳንዱ 3 ሰከንድ ሰጠሁ፤ ከሥር ሙዚቃ አደረግሁ፤ በፎቶዎቹም መካከል አንዱ እየተገለበጠ፣ ሌላው እየተሽከረከረ የሚገባባቸውን ማሸጋገሪያዎች ሁሉ ደረደርኩ። ስድስት ደቂቃ የሚፈጅ ቪዲዮ ወጣ። ከግብዣው ሦስት ሳምንት ቀደም ብዬ እናቴን አጠገቤ አስቀምጬ ሳሳያት፣ ከጅሬን ኮረብታ ላይ ተማሪዎቿን አሰልፋ በአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ፊት የቆመችበት ፎቶ መጣ። ጣቷን ወደ ስክሪኑ ዘርግታ «ይሄ ልጅ እኮ…» ማለት ስትጀምር ፎቶው ተገልብጦ ሄደ። «ቆይ፣ መልሰው» አለችኝ። መለስኩት። ከዚያም በሦስተኛው ረድፍ የቆመው ልጅ በዚያ ጭቃ አዲሱ ጫማው እንዳይበላሽበት እስከ ቤተ መንግሥቱ በር ድረስ በእጁ ይዞት እንደወጣ፣ በሩ ላይ ሲደርስ እግሩን በሣር ጠርጎ እንዳደረገው፣ እሷም ጎንበስ ብላ ማሰሪያውን እንዳሰረችለት ነገረችኝ። በኋላ ሰዓቱን ስለካው ወሬዋ 41 ሰከንድ ነበር። እኔ ለዚያ ፎቶ የሰጠሁት 3 ሰከንድ ነው።

ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅማን ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. እንደገዙ ስለ ቤተ መንግሥቱ የሚነገር ሁሉ ይነግረናል፤ የልጁን ጫማ የምታውቀው ግን እናቴ ብቻ ናት። ያን ዕለት ማታ የሠራሁትን ትቼ እንደ አዲስ ጀመርኩ፤ በዚህኛው ዙር ድምፁ እንዲቀድም፣ ፎቶው ስክሪን ላይ የሚቆይበትንም ጊዜ ድምፁ እንዲወስነው ወሰንኩ።

ይህ አሠራር ለጀማሪ የሚከብድ አይደለም፤ እንዲያውም ለጀማሪ ተብለው ከተሠሩት ሶፍትዌሮች አንዱ የቆመው በዚሁ ላይ ነበር። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒ ተጠቃሚዎች በ2004 እ.ኤ.አ. በነፃ የሰጠው ፎቶ ስቶሪ 3 ሰውየውን እጁን ይዞ ደረጃ በደረጃ ይወስደው ነበር፤ ፎቶዎቹን አስገባ፣ በቅደም ተከተል ደርድር፣ አሁን እያንዳንዱን እያየህ በማይክሮፎን ተናገር ይለዋል፤ ፎቶውም ንግግሩ እስኪያልቅ ድረስ ይቆያል። ከዊንዶውስ ሚ ጋር በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው ሙቪ ሜከርም ለብዙ ዓመታት የጀማሪዎች መነሻ ሆኖ ቆይቶ በጥር 2017 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍት ድጋፉን አቆመ። ዛሬ ከዊንዶውስ 11 ጋር የሚመጣው ክሊፕቻምፕ ነው፤ ጥሩ ነው፣ ያለ ክፍያም ዋተርማርክ (ምስሉ ላይ የሚታተም የሶፍትዌሩ ምልክት) የሌለው ቪዲዮ ያወጣል፤ ኢንተርኔት ስለሚፈልግ ግን ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቀን ሥራን በመሐል ያስቆማል።

ስለዚህ ብዙዎቻችሁ ወደምታውቁት ፓወርፖይንት ዞርኩ። መምህሩም፣ የቢሮ ሠራተኛውም፣ ተማሪውም ለስብሰባና ለገለጻ ስለሚጠቀምበት ላፕቶፑ ላይ አለ፤ ቪዲዮ እንደሚያወጣ ግን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። «ኢንሰርት» ውስጥ ገብታችሁ «ፎቶ አልበም» ስትሉት የመረጣችኋቸውን ፎቶዎች በሙሉ በአንድ ጊዜ፣ በየስላይዱ (በየገጹ) አንድ አንድ አድርጎ ያስገባቸዋል። ከዚያ ቀረጻውን ስትጀምሩ በየስላይዱ የተነገረውን ድምፅና የፈጀውን ጊዜ ለየብቻ ይይዛል፤ አንዱ ቢበላሽ የዚያን ስላይድ ብቻ ደግሞ መቅረጽ ይቻላል። በመጨረሻ በ«ኤክስፖርት» በኩል ኤምፒ4 ቪዲዮ ታወጣላችሁ። ጊዜ ሳይወሰንላቸው የቀሩ ስላይዶች ካሉ ለእያንዳንዳቸው 5 ሰከንድ ይሰጣል፤ 1,400ውን ፎቶ እንዳለ ባስገባው ኖሮ 7,000 ሰከንድ፣ ማለትም ለሁለት ሰዓት ጥቂት የቀረው ቪዲዮ ይሆን ነበር። አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ስላይዱ በሚቀየርበት ቅጽበት የሚነገር ነገር አይቀረጽም። እናቴ ወሬዋን ሳትቋጭ ቁልፉን ስጫን የመጨረሻው ቃል ይቆረጥብኝ ስለነበር፣ ከጨረሰች በኋላ በልቤ ሁለት ቆጥሬ ማሳለፍን ለመድኩ።

ከሶፍትዌሩ ይልቅ ያስቸገረን ዝናቡ ነበር። የጅማን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጠ ሰው እንኳ አይሰማማም። የመጀመሪያው ቀን ቀረጻ ሙሉ በሙሉ ተበላሸ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት፣ ከቡና በኋላ፣ አልጋና ብርድ ልብስ ባለበት ክፍል ውስጥ ቀረጽን፤ ጨርቅ የበዛበት ክፍል ድምፅ አያስተጋባም። ስልኬን ከአፏ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ራቅ አድርጌ በትራስ ላይ አስቀመጥኩት፤ የቀረጸውንም ድምፅ በየስላይዱ አስገባሁ፤ ከላፕቶፑ ማይክሮፎን ይልቅ ጥርት ያለ ሆኖ አገኘሁት። አራት ጠዋት ፈጀብን። የምትናገርበት ነገር ያላት ፎቶዎች 64 ሆኑ፤ ሌሎቹን እኔ ሳልሆን እሷው ዝም በማለቷ አስቀረቻቸው።

ስለ ፎቶዎቹ መጠንም መናገር አለብኝ። በስልክ የሚነሡ ብዙ ፎቶዎች ወርዳቸው 4 ቢሆን ቁመታቸው 3 ነው፤ የቴሌቪዥን ስክሪን ግን 16 በ9 ነው። ሶፍትዌሩን «ስክሪኑን ሙላው» ስትሉት ከፎቶው ቁመት ሩቡን ከላይና ከታች ቆርጦ ይጥላል፤ የሚቆረጠውም ብዙውን ጊዜ የሰው ራስ ነው። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ የቆመችበት ፎቶ በመጀመሪያው ሙከራዬ ከግንባሯ በላይ ተቆርጦ ነበር። ፎቶውን ሙሉውን ትቶ ግራና ቀኙን ጥቁር ማድረግ ምንም ነውር የለውም። ፎቶው ላይ በዝግታ እየቀረቡ መሄድም ይቻላል፤ አፕል በ2003 እ.ኤ.አ. አይሙቪ በተባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያው ውስጥ ሲያስገባው በአሜሪካዊው ዘጋቢ ፊልም ሠሪ በኬን በርንስ ስም የጠራው እንቅስቃሴ ይህ ነው። እኔ በአራት ፎቶዎች ላይ ብቻ ነው ያደረግሁት፤ አንዱ የጅሬኑ ነው፤ እናቴ ስለ ልጁ ስትናገር ምስሉ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ይቀርባል። የሚሽከረከሩትንና የሚገለበጡትን ማሸጋገሪያዎች ግን ሁሉንም አስወገድኳቸው።

ፎቶዎቹን በቀን ቅደም ተከተል ለመደርደር የምትሞክሩ ከሆነ በፋይሉ ላይ የተጻፈውን ቀን አትመኑ። የአሮጌው ካሜራችን ባትሪ ባለቀ ቁጥር ሰዓቱ ወደ መጀመሪያው ስለሚመለስ የአምስት ዓመት ፎቶ በአንድ ቀን የተነሣ ሆኖ ተመዝግቧል፤ በዚያ ላይ ካሜራው የሚቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እናቴ ግን ዘመኑን በክፍል ነበር የምትለየው፤ «ይሄ ሦስተኛ ሲ የያዝኩ ዓመት ነው» ትለኛለች፣ እሱንም እጽፍበታለሁ። ለጽሑፉ የግእዝ ፊደል ያለበት ፎንት መምረጥ ያስፈልጋል፤ ኒያላ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ይበቃል። ፊደሉን የማያውቅ ፎንት ከመረጣችሁ በፊደሎቹ ቦታ ባዶ ሳጥኖች ሊደረደሩ ይችላሉ።

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ ግን ፕሮጀክቱንና ቪዲዮውን እንዳታምታቱ ነው። በመጀመሪያው ሙከራዬ የተጠቀምኩበት ሶፍትዌር ሥራዬን ሴቭ ሳደርገው ያስቀመጠው ፎቶዎቹን አልነበረም፤ የት እንዳሉ የሚናገር ትንሽ ፋይል ብቻ ነበር። ያንን በፍላሽ ይዤ ወንድሜ ቤት ብከፍተው ከ120ው ፎቶ አንድም አልተገኘም። ቪዲዮ ሆኖ ኤክስፖርት የተደረገ ሥራ ግን ፎቶውም፣ ድምፁም፣ ፊደሉም አንድ ላይ ስለታተመ ወደየትም ቢሄድ ያው ነው። ፎቶዎቹን ሁሉ አስቀድማችሁ በአንድ ፎልደር አድርጉ፤ ሥራው እስኪያልቅ ስሙንም ቦታውንም አትቀይሩ፤ መብራት ሊሄድ ስለሚችልም በየአምስት ደቂቃው ሴቭ አድርጉ። ከሌላ ሰው ፎቶ በቴሌግራም ስትቀበሉ ደግሞ በፋይል መልክ እንዲልክላችሁ ጠይቁት፤ በተራ ፎቶነት ሲላክ መጠኑ ተቀንሶ ነው የሚደርሰው።

ከዚህ የበለጠ መሥራት ለምትፈልጉ በ2008 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ኦፕንሾት የተባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ነፃ ነው፤ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ፎቶና ድምፅን ጎን ለጎን በታይምላይን (ጊዜውን በሚያሳይ መስመር) ላይ ስለሚያስቀምጥ ለመልመድ ጥቂት ቀን ይጠይቃል።

የግብዣው ዕለት ቪዲዮውን በፍላሽ አድርጌ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካሁት። ርዝመቱ 23 ደቂቃ ነበር፤ ይረዝም ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። እናቴ ቡና እያፈላች ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣ የራሷን ድምፅ ትሰማ ነበር። የጅሬኑ ፎቶ ሲመጣና ምስሉ ወደ ልጁ ሲቀርብ አብረዋት ያስተማሩት ጡረተኛ መምህር ከወንበራቸው ብድግ ብለው የልጁን ስም ከነአባቱ ተናገሩ። እናቴ ጀበናውን አስቀምጣ ዞረች፤ ለካ ስሙን ያን ያህል ዓመት ስትፈልገው ኖራለች።

በማግስቱ አክስቴ አልበሟን በፌስታል ይዛ መጣች። ቅዳሜ ጠዋት፣ ዝናቡ ሳይጀምር ቀረጻ እንጀምራለን።