ነርሷ «በስንት ትራስ ነው የሚተኙት?» የምትለው ለምንድን ነው?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ የልብ ድካም ነው ርዕሳችን። ግን የማወራው ስለ ሐኪሞቹ አይደለም፤ ስለ ነርሶቹ ነው።

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ቶሎ ይገባችኋል። ታች ታንከር አለ፣ ሞተር አለ። ሞተሩ ውኃውን እስከ አራተኛ ፎቅ ይገፋል። ሞተር ሲደክም በአንድ ጊዜ ቀጥ አይልም። መጀመሪያ አራተኛ ፎቅ ውኃው ይቀጥናል። ቀጥሎ ሦስተኛ ፎቅ። ታች ደግሞ ታንከሩ ሞልቶ ይፈሳል፤ ግቢው ይረጥባል። ቴክኒሻኑ በወር አንዴ መጥቶ፣ ፈታቶ፣ ጠግኖ ይሄዳል። በየቀኑ ድምፁን የሚሰማው፣ ግቢው መርጠቡን ቀድሞ የሚያየው ግን ጥበቃው ነው። «ኧረ ይሄ ሞተር ድምፁ ተለውጧል፣ ቶሎ ኑ» ብሎ የሚደውለው እሱ ነው። የልብ ክትትል ነርስ ሥራዋ ይሄ ነው።

ሳይንሱን በፍጥነት ልበለው። ልብ ሲደክም ኩላሊት ጨውና ውኃ ይይዛል። ውኃው እግር፣ ሆድና ሳንባ ላይ ይጠራቀማል። ላሲክስ የሚባለው መድኃኒት በሽንት ያስወጣዋል። በቃ። ዝርዝሩ ባለፈው ቪዲዮ አለ፤ ሊንኩ ከታች ነው።

ስለዚህ ነርሷ ትራስ ትቆጥራለች። ባለፈው ወር በአንድ ትራስ ይተኛ የነበረ ሰው ዛሬ ጋደም ሲል ትንፋሽ እያጠረው ሦስት ካስፈለገው፣ ሳንባው ውኃ እየያዘ ሊሆን ይችላል።

አሁን ኮሜንት ላይ ደጋግማችሁ የምትጽፉት ነገር አለ። «አባቴ ወፈር ብለዋል፣ ተሽሏቸዋል ማለት ነው?» ቆይ፣ እዚህ ጋ እንቁም። እኛ ዘንድ «ወፈርክ፣ አምሮብሃል» ምርቃት ነው። ዘመድ ሊጠይቅ መጥቶም የሚለው ይህንኑ ነው። ለልብ ድካም ግን አይሠራም! በሦስት ቀን ከ2 ኪሎ በላይ የጨመረ ሕመምተኛ ሥጋ አልጨመረም። ውኃ ነው። አባባ ጠዋት ሽንት ቤት ደርሰው፣ ቁርስ ሳይቀምሱ ይመዘኑ። ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፉላቸው። ከጨመረ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ «ሲስተር፣ ኪሎው ጨምሯል» ብላችሁ ደውሉ። ትንፋሽ ካጠራቸው ደግሞ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።

አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ውስጥ የተሠራ፣ በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። 282 የልብ ድካም ያለባቸው አረጋውያን ተሳትፈዋል። ግማሽ ያህሉን ነርስ የምትመራው ቡድን አስተማረ፣ ተከታተለ። በሦስት ወር ውስጥ በልብ ድካም እንደገና ሆስፒታል የመግባት ቁጥር በመደበኛው ክትትል 54 ጊዜ ነበር፤ በነርሷ ቡድን 24። አዲስ መድኃኒት አልተፈለሰፈም። ማስተማር፣ መደወል፣ ቤት ድረስ መሄድ ነው። በእኔ እምነት ነርስ ከሕመምተኛ ጋር ቁጭ ብላ የምታወራበት ሰዓት ራሱ ሕክምና ነው፤ በጀት ሊያዝለት ይገባል።

ለቀጠሮ ስትሄዱ መድኃኒቶቹን በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ ሲስተር አንድ በአንድ ትያቸው። ቀጣዩ ቪዲዮ ስለ ጨውና ስለ ሽሯችን ነው። ሰብስክራይብ አድርጉ፣ እንገናኛለን።