ዜሮ ብሎ የሚጽፍ ሰው
(ለጤና ኤክስቴንሽን ተመራቂዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራን፣ ክቡራን እንግዶች፣ የዛሬው ቀን ባለቤቶች ተመራቂዎች፣ እንኳን ደስ አላችሁ!

አዘጋጆቹ “አደራ፣ አጠር ያድርጉት” ብለውኛል። ጋዋኑ ይሞቃል፣ ፎቶ አንሺው ውጭ ቆሟል፣ የእናቶቻችሁ ዶሮ ወጥ ቤት ይጠብቃል። ገብቶኛል። ስለ አንድ ቁጥር ብቻ አውርቼ እወርዳለሁ። ስለ ዜሮ።

ሥራ የጀመርኩት አንድ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ በበሽታ ቅኝት ላይ ነው። ሰኞ ሰኞ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ የየቀበሌውን ሪፖርት እቀበላለሁ። ወባ ስንት? ኩፍኝ ስንት? ማጅራት ገትር ስንት? አንዷ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከጤና ኬላዋ ኔትወርክ አልነበራትም። ለመደወል ከቀበሌው በላይ ያለውን ጉብታ መውጣት ነበረባት። አንድ ሰኞ ዝናቡ እየወረደ ደወለች። ድምፅዋ ይቆራረጣል። “ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ” አለችኝ። አሳዘነችኝ። “እህቴ፣ ምንም ከሌለ ምን አለፋሽ? ካልደወልሽ ምንም የለም ማለት ነው፤ እኛ እናውቃለን” አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ “ወንድሜ፣ ብሞትስ? ያን ጊዜም እኮ አልደውልም” አለችኝ።

ያኔ ሳቅኩ። የገባኝ ቆይቶ ነው።

ሌላ ቀበሌ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማንም አልደወለም። ዞኑ ሪፖርት አምጣ እያለ ይጨቀጭቀኛል። ባዶውን ሳጥን አየሁት፤ በሚያምር ጽሑፍ ዜሮ ሞላሁበት። በሦስተኛው ሳምንት ከዚያው ቀበሌ አንዲት እናት ልጇን አዝላ ጤና ጣቢያ ደረሰች። ዓይኑ ቀልቷል፣ ፊቱን ሽፍታ ወርሶታል። ኩፍኝ ነው። “የጎረቤቶቼም ልጆች እንዲሁ ናቸው” አለች። ስንሄድ ኬላው ተቆልፏል። ሠራተኛዋ ወልዳ አራስ ቤት ናት፤ ተተኪ አልተላከም። ያ ዜሮ የቀበሌው አልነበረም፣ የእኔ ነበር። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ስለ ጤና ሥርዓት ሲነሳ ሰው የሚያስበው ፎቅ ሆስፒታልና አምቡላንስ ነው። እሱም ያስፈልጋል። ተላላፊ በሽታን ከአገር የሚያስወጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በታች ያለው ነው። ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው የገቡት፣ ለአምስት ሺህ ያህል ሰው የሚደርሱት እህቶቻችሁ ናቸው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ስጠራ ይቅር በሉኝ፤ ሪፖርት አበላሽቶኛል።)

በትምህርታችሁ ሦስት ቃላት ሸምድዳችኋል። መቆጣጠር፦ በሽታው አለ፣ ጉዳቱ ግን ቀንሷል። ማስወገድ፦ ከአገር ወጥቷል፤ ጎረቤት ጋ ሊኖር ስለሚችል በር እየጠበቃችሁ ትኖራላችሁ። ማጥፋት፦ ከምድር ላይ የለም። ከሰው በሽታዎች እስከ ዛሬ የጠፋው አንድ ብቻ ነው፣ ፈንጣጣ።

የፈንጣጣ ዘመቻ አገራችን ውስጥ በ1971 ሲጀመር ክትባቱ ነበረ። የሌለው መንገዱ ነው። ሁሉንም ሰው ለመከተብ ቢሞከር ዘመንም አይበቃም። ስለዚህ ሠራተኞቹ የታመመ ሕፃን ፎቶ ያለበት ካርድ ይዘው ገበያ ለገበያ፣ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት ዞሩ። “እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?” ይላሉ። የታመመ ሲገኝ በዙሪያው ያለውን ሰው ይከትባሉ፤ በሽታው መሄጃ ያጣል። የመጨረሻው የኢትዮጵያ ሕመምተኛ በ1976 ባሌ ውስጥ፣ ዲሞ በምትባል መንደር ተገኘ። ልብ በሉ፣ ከዚያ በኋላም ካርዱ ኪስ ውስጥ አልገባም። የሌለ በሽታ መፈለጋቸውን ቀጠሉ።

አሁን ወደምወደው በሽታ ልምጣ። በሽታ ይወደዳል ወይ እንዳትሉኝ፤ የሚያስተምር ጠላት ይወደዳል። የጊኒ ዎርም ነው።

ትሉ የሚገባው ከኩሬ ውሃ ጋር ነው፣ ዓይን በማይለያቸው ደቃቅ የውሃ ነፍሳት ውስጥ ሆኖ። ሰውዬው ጠጥቶ ይረሳዋል። ዓመት ገደማ ቆይቶ እግሩ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ይወጣል፣ እንደ እሳት ያቃጥለዋል። ለማብረድ ሮጦ ኩሬ ውስጥ ይገባል። ትሉም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ እጮቹን እዚያው ውሃ ውስጥ ይረጫል። አንድ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ትንሽ እንጨት ላይ እየጠቀለሉ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየሳቡ ያወጡታል። ከተበጠሰ ሌላ መከራ ነው። ክትባት የለውም። የሚያድን መድኃኒትም የለውም። ያለው ማጥለያ ጨርቅ ነው፣ የታመመን ከውሃ ማራቅ ነው፣ ኩሬውን አቤት በሚሉት ኬሚካል ማከም ነው። (ስሙ እንዲሁ ሆኖ ነው፤ አቤቱታ አይደለም።)

በዚህ ብቻ፣ በ1986 በዓለም 3.5 ሚሊዮን ያህል ይገመት የነበረው ሕመምተኛ በ2024 ወደ 15 ሰው ወርዷል። በጨርቅና በምክር!

እኛስ? የቀረን ጋምቤላ ውስጥ ነው፣ ጎግና አቦቦ ወረዳ። በ2018 አንድም ሰው አልታመመም። በ2019ም አልታመመም። ኬክ ለመቁረስ ትንሽ ቀርቶን ነበር። በ2020 ግን 11 ሰው ታመመ። ለካ ትሉ ውሻና ዝንጀሮ ውስጥም ይኖራል። እኛ የሰውን ዜሮ ስንቆጥር እነሱ ከዚያው ኩሬ ይጠጣሉ።

ስለዚህ ውሾች ይታሰራሉ። አዎ፣ በገመድ። አንድ ጊዜ እዚያ ሄጄ አንድ አዛውንት ደጃፍ ላይ ከታሰረ ቀይ ውሻ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ውሻው ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ። “ይህ ውሻ አዳኝ ነበር” አሉኝ አዛውንቱ። “አሁን እኔ ነኝ ምግብ የማቀርብለት፣ የተጠለለ ውሃ የምቀዳለት። ማን የማን ጌታ እንደሆነ ጠፍቶናል።” እየሳቁ ነው የሚነግሩኝ፤ ግን አይፈቱትም። የጤና ሥርዓታችን ግማሹ እኚህ ሰውዬ የያዙት ገመድ ነው። ዝንጀሮውን ግን ማን ያስራል? ለእሱ ኩሬውን ማከም ነው። በ2021 አንድ ሰው ታመመ፣ በ2022 አንድ ሰው፣ በ2023ና በ2024 ማንም አልታመመም። ነጻ ወጥታችኋል የሚል ወረቀት ለመቀበል ቢያንስ ሦስት ዓመት ተከታታይ፣ በቅኝት የተረጋገጠ ዜሮ ይጠየቃል። ባዶ ሳጥን አይቆጠርም።

ይህን ሁሉ የማወራው ወባ ስላናደደኝ ነው። በ2019 በአገራችን ሕመምተኛው ወደ 900 ሺህ ወርዶ ነበር። በየስብሰባው “በ2030 እናስወግዳለን” ስንል፣ እኔም ሳጨበጭብ ነበር። በ2024 እስከ ጥቅምት ወር ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው ታመመ፣ 1,157 ሰው ሞተ። ጦርነት ጤና ተቋማትን አወደመ፣ ሰው አፈናቀለ። በ2016 ሶማሌ ክልል፣ ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘችው ስቴፈንሲ የምትባል የወባ ትንኝ ደግሞ ከተማ ትወዳለች። ሮቶ፣ በርሚል፣ ቢርካ፣ የተጠራቀመ ውሃ ካገኘች በጋ ክረምት አትልም። ድሬዳዋን በ2022 ያስጨነቀቻት እሷ ናት። ወባ የቆላ ገጠር በሽታ ነው ያልን ሁሉ አፈርን።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን መመርመሪያው ነው። በሽታውን የሚያሳየው ፈጣን ምርመራ አንድ ፕሮቲን ይፈልጋል። ያንን ፕሮቲን የማያመርት የወባ ተውሳክ አገራችን ውስጥ ተገኘ። ሰውዬው እየተንቀጠቀጠ መመርመሪያው “ነጻ ነህ” ይለዋል። ሌላ ዓይነት መመርመሪያ ማምጣት ግድ ሆነ። ተውሳኩም እንደ እኔ ባዶ ሳጥን ላይ ዜሮ መሙላት ተማረ ማለት ነው።

እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጣችሁ ኃላፊዎች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በሽታው ዜሮ ሲሆን በጀቱን አብራችሁ ዜሮ አታድርጉት። ልጅቷ ሪፖርት ለማድረግ የስልክ ካርድ ከኪሷ አትግዛ። አራስ ቤት ስትገባ ተተኪ ላኩላት። ይኸው ነው፤ ትልቅ ፕሮጀክት አይጠይቅም።

እናንተ ልጆቼ፣ የሪፖርት ሳምንቱ ሰኞ ይጀምራል፣ እሑድ ይዘጋል። አጣዳፊ የሆነውን ግን ሰኞን አትጠብቁ፤ በ30 ደቂቃ ውስጥ ወደ ላይ አሳውቁ። ያላያችሁትን ዜሮ አትጻፉ። ቤት ለቤት ሄዳችሁ፣ ጠይቃችሁ፣ የሕፃኑን ዓይን አይታችሁ፣ ምንም ከሌለ ጉብታውን ውጡና ደውሉ። ስልኩን የሚያነሳው ሰው እንደ እኔ ቢቀልድባችሁ መልሱን ታውቁታላችሁ።

እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሰኞ ጠዋት ስልኬ ሲጮኽ ግን እጄ አሁንም እስክሪብቶ ይፈልጋል። ባለቤቴ ትስቅብኛለች።

አመሰግናለሁ። በሉ፣ ፎቶ አንሺው ይጠብቃችኋል።