የኮሚናሉ ቁልፍ፦ ለብሎካችን ጠቅላላ ጉባኤ የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ ጎረቤቶቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ሰብሳቢያችን አምስት ነጥብ ይዘሽ ቅረቢ ብሎኝ አምስቱንም ጽፌያለሁ። የመጣሁት ግን ለአንዱ ነው፤ ስለ ኮሚናላችን፣ ስለ ኮንዶሚኒየማችን የጋራ መጠቀሚያ ቤት።

ፎቅ ላይ በግ አይታረድ፣ ስቱዲዮ ቤት ውስጥ መቶ ሰው አይቀመጥ። ስለዚህ ማረጃችንም፣ መጋገሪያችንም፣ የድግስና የለቅሶ ቤታችንም እሱ ነው። ከእናንተ መካከል እዚያ ያልደገሰ ወይ ያላለቀሰ ማን አለ?

የሦስተኛ ፎቋ እናታችን ያረፉ ጊዜ ትዝ ይላችኋል። ንፍሮው፣ ሽሮው፣ ምስሩ ከየቤቱ ጎረፈ፤ እድራችን በዚህ አይታማም። በሠልስቱ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ጭልፋዬን ረስቼ ስመለስ መብራቱ በርቷል። ልጅቱ፣ እናቷን የቀበረችው ልጅ፣ ጥቁር ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ፣ ተንበርክካ የፍሳሹን ቀዳዳ በማንኪያ ትጭራለች። የረጋ ዘይትና የሽንኩርት ልጣጭ ተጋግሮ ቱቦውን ደፍኖታል፤ ውሃው እግሯ ሥር ተኝቷል። “ተይው የኔ ልጅ” ብላት፣ “እትዬ፣ ቁልፉ በእኔ ስም ነው የወጣው፤ ነገ ሌሎች ክርስትና አላቸው” አለችኝ።

ሐዘንተኛ! ውሃ እንኳ ሰው ቀድቶ የሚያጠጣት ሐዘንተኛ!

እኛ በልተን “ነፍስ ይማር” ብለን፣ እጃችንን ታጥበን ወጣን። ቤቱንስ ማን ይጠበው? ጥበቃው? እሱ የተቀጠረው በር ሊጠብቅ ነው፤ ሳንቲም አስጨብጣችሁ ጎላ ድስት ያሳጠባችሁት ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ወንዶችስ? ድንኳን ስትተክሉ አንደኛ ናችሁ፣ አልክድም። ካርታውም ላይ አትታሙም። መጥረጊያ መያዝ ጢም ያረግፋል ያላችሁ ማን ነው? ለዚህ ከእናንተ በኩል ጭብጨባ እንደማይመጣ ስጽፈውም አውቄዋለሁ።

“እኔ ኮሚናሉን አልጠቀምበትም፣ አልከፍልም” የሚልም አለ። በ1995 የወጣው የኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370 የጋራ መጠቀሚያውን የሁላችንም ነው ይላል፤ ወጪውም እንደዚያው። ስታልፉ የጥብሱ ሽታ ሲጠራችሁ ግን አዋጅ አትጠይቁም።

የምለው ይህ ነው። ቁልፍ በሐዘንተኛ ስም ከእንግዲህ አይውጣ። ለቅሶ ሲሆን ከየፎቁ ሁለት ሰው ይፈርም፣ አንዱ ወንድ ይሁን። የሚረጋው ዘይት ደግሞ በዚህ በአዲስ አበባ ብርድ ቱቦ ውስጥ እንደ ሻማ ነው የሚደርቀው። ድስቱን አስቀድማችሁ በጋዜጣ ጥረጉት፣ ጋዜጣውን ወደ ቆሻሻ፤ ከዚያ በሙቅ ውሃና በላርጎ።

ሮቶውን ውሃ በሚመጣበት ፈረቃ የሚሞላ ሰው ይመደብ። ስለ ደረጃው መብራት፣ ስለ መኪና ማቆሚያውና ስለ ውሾቹ የጻፍኩትን ሰብሳቢው ያንብብላችሁ።

ጭልፋዬም እስካሁን አልተገኘችም። እጀታዋ ላይ ቀይ ክር አለ።