መረሬና የበረንዳዬ ባልዲዎች

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ አዳማ በሚገኘው ቤቴ በረንዳ ላይ፣ አትክልት ከተከልኩባቸው የቀለም ባልዲዎች አጠገብ ተቀምጬ ስለ አፈር አወራችኋለሁ።

አፈር በጠቆረ ቁጥር ለም ነው ሲባል እየሰማሁ አድጌያለሁ። ስለዚህ ጤና አዳም ልተክል በተነሣሁ ጊዜ የግቢያችንን ግራጫና አቧራማ አፈር ንቄ፣ ከከተማው ውጭ ከእርሻ ዳር መረሬ የሚባለውን ጥቁር ጭቃማ አፈር በኬሻ አስመጣሁ። ብዙም ሳይቆይ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ እኔም ውኃ የጠማው መስሎኝ አብዝቼ አጠጣሁት። በመጨረሻ ነቅዬ ባየው ሥሩ ጠቁሮና ላሽቆ የረግረግ ሽታ ይሸት ነበር።

መረሬን አልወቅሰውም። ሽንብራ የሚዘራበት ገበሬ ግን የክረምቱ ውኃ እስኪቀንስ የሚጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ቅንጣቶቹ እጅግ ደቃቅ ስለሆኑ እርጥብ ሲሆን ተጣብቆ ሥሩ የሚተነፍሰውን አየር ያሳጣዋል፤ ሲደርቅ ደግሞ ተኮማትሮ ከባልዲው ግድግዳ ስለሚላቀቅ፣ የምናፈስሰው ውኃ በስንጥቁ ሾልኮ ሥሩን ሳያርስ ከታች ይወጣል።

ውኃው ቶሎ እንዲወርድ ብዬ ባልዲው ውስጥ ከታች ጠጠር ደልድዬም ነበር። አሁንም ለመቀበል ይከብደኛል እንጂ፣ ውኃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር የሚወርደው ከላይ ያለው አፈር ጠግቦ ከሞላ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ጠጠሩ ረግረጉን ወደ ሥሩ ከማቅረብ በቀር የፈየደው ነገር አልነበረም።

መፍትሔው ብሎኬት ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ፑሚስ ሆኖ ተገኘ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ለምንኖር ሰዎች ይህ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ብርቅ አይደለም፤ በቀዳዳዎቹ ውኃ ይይዛል፣ በመካከሉም ለአየር ቦታ ይተዋል። አሁን ሁለት ጣሳ የግቢ አፈር፣ አንድ ጣሳ ሽንብራ የሚያህል ፑሚስና አንድ ጣሳ በደንብ የበሰበሰ ፍግ እቀላቅላለሁ፤ ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። እርጥቡን ድብልቅ በጡጫዬ ስጨብጠው መያያዝ፣ በጣቴ ስነካው ደግሞ መፈርፈር አለበት።

የከተማችን ነፋስ፣ ያው ኮረብታው ላይ ያሉትን የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች የሚያሽከረክረው፣ ባልዲ ቶሎ ያደርቃል። ስለዚህ ውኃ ለሚወደው በሶብላ ፍጉን ጨምሬ፣ ለእሬት ደግሞ ቀንሼ ፑሚሱን አበዛለሁ። ፑሚሱን ስወስድ ሲሚንቶ ያልነካውን እንዲሰጡኝ ሠራተኞቹን እለምናለሁ፤ እነርሱም ለአበባ ነው ስላቸው ይስቁብኛል።